ቦቢ አያስመልሰውም፤ ምግቡ ጨጓራው ጋ አይደርስም

«ዶክተር፣ እንዴት ነህ? የምጽፍልህ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ቦቢ የሚባል የአምስት ዓመት ውሻ አለን፤ እናቱ ጀርመን ሼፐርድ ናት፣ አባቱ የሰፈር ውሻ። የፋሲካ ማግስት የበግ አጥንት በልቶ ሁለት ቀን ሙሉ ለሃጩ ሲዝረከረክና አንገቱን ሲዘረጋ ከረመ፤ ከዚያ ተሻለው። ግንቦት ላይ ግን የበላውን መመለስ ጀመረ። ፍርፍርም ሆነ ሥጋ፣ በልቶ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው እንዳለ ያወጣዋል፤ መልሶም ይበላዋል። ውሃና ወተት ይወርድለታል። ሦስት ጊዜ የትውከት ማስታገሻ መርፌ ተወጋ፣ የትል ኪኒንም ተሰጠው፤ ለውጥ የለም። ከስቶ አጥንቱ ወጥቷል፣ ሰሞኑን ደግሞ ሌሊት ሌሊት ያስለዋል። ታናሽ ወንድሜ አጥንት ካለ ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ከቶ ጎርጉሮ ነበር፤ ምንም አላገኘም። እናቴ ዘይት እናጠጣው ትላለች። ጎረቤታችን ደግሞ ይሄ ውሻ አብዷል፣ ሳይነክሳችሁ አስወግዱት እያለ ነው። አቦ ምን ይሻለናል?»
ግራ የገባት፣ ከሳቢያን

እህቴ፣ ከጎረቤታችሁ ልጀምር፤ ሰውዬው ያለውን በቀላሉ የሚያልፉት አይደለም። ለሃጩ የሚዝረከረክና መዋጥ ያቃተው ውሻ ሲመጣልኝ እኔም አስቀድሜ የማስበው የእብድ ውሻ በሽታን ነው። በሽታው የመዋጫውን ጡንቻ ሽባ ያደርገዋል፤ ታችኛው መንጋጋ ይንጠለጠላል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ ውሃ ፊቱ ተቀምጦ አይወርድለትም። ያየው ሰው ታዲያ አጥንት ተሰንቅሮበታል ብሎ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ወንድምሽም ያደረገው ይህንኑ ነው። ቦቢን በተመለከተ የሚያረጋጋኝ ነገር የጊዜው ርዝመት ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ያሳየ ውሻ በአብዛኛው ከአሥር ቀን በላይ አይቆይም። የእናንተው ከታመመ ከወር በላይ ሆኖታል፣ ውሃ ይጠጣል፣ የምግብ ፍላጎቱም እንዳለ ነው። ስለዚህ አብዷል የሚለውን ትቼዋለሁ። ሆኖም ቦቢ ክትባት የማያውቅ ከሆነ ወይም ጊዜው ካለፈበት፣ ወንድምሽ ጤና ጣቢያ ሄዶ የሆነውን ይንገራቸው፤ በተለይ ያን ቀን እጁ ላይ ጭረት ወይም ቁስል ከነበረው። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ እጅን ወዲያው በሳሙናና በወራጅ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ቀጥሎ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ባልታወቀ ምክንያት ለሃጩ የሚወርድ ውሻ አፍ ውስጥ ባዶ እጅ አይገባም።

አሁን ወደ ቦቢ። ሦስቱ መርፌዎች ያልሠሩት ውሻው ስለማያስመልሰው ነው። የሚያስመልሰው ውሻ ከምግቡ በፊት ምልክት ይሰጣል፤ ይቅበጠበጣል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ ምራቁን ይውጣል፣ ከዚያ ሆዱ እየተሸመቀቀ ኡክ ኡክ ይልና ያወጣዋል። የሚወጣው ነገር ግማሽ የተፈጨ፣ የሚኮመጥጥ፣ ብዙ ጊዜም የሐሞት ቢጫ ያለበት ነው። ቦቢ ግን አንቺ እንደጻፍሽው በልቶ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ያቀረሻል። የሚወጣው ምግብ እንደገባው ነው፤ ፍርፍሩ ፍርፍር፣ ሥጋው ሥጋ። ጠጋ ብለሽ ካየሽው በሚያዝለገልግ ምራቅ የተለበጠና ሞላላ ቅርጽ የያዘ ሳይሆን አይቀርም፤ ከምግብ ቧንቧው ቅርጽ ይዞ ስለሚወጣ ነው። ያንን ምግብ ጨጓራ አላየውም። መልሶ የሚበላውም ለዚህ ነው፤ እሱ አላቅለሸለሸውም፣ እንደራበው ነው።

የትውከት ማስታገሻዎቹ የሚሠሩት ጨጓራና አንጎል ላይ ነው። ለምሳሌ ሜቶክሎፕራማይድ የተባለው ማስታገሻ ጨጓራ ቶሎ እንዲገፋ ያደርጋል፣ የጨጓራን የላይኛ በር ደግሞ ጠበቅ ያደርገዋል። የውሻ የምግብ ቧንቧ ከላይ እስከ ታች የተሠራው እግር በሚያንቀሳቅሰው ዓይነት ጡንቻ ስለሆነ መድኃኒቱ እሱን አይገፋም። ምግቡ ገና ከላይ ቀርቶ ሳለ ያንን በር ማጥበቅ ደግሞ ምን ያደርግለታል? እንዲያውም ያብስበታል። ስለዚህ አራተኛ መርፌ አይወጋ።

ከጻፍሽው ሁሉ የያዝኩት የፋሲካውን አጥንት ነው። ውሻ የዋጠው አጥንት የሚሰነቀርባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ ጉሮሮው መግቢያ ላይ፣ ቧንቧው ወደ ደረት ሲገባ፣ ከልብ በላይ ባለው ቦታ፣ ወይም ሆድን ከደረት የሚለየው ስስ ጡንቻ ጋ ሳይደርስ። ሁለት ቀን ለሃጩ የተዝረከረከውና አንገቱን የዘረጋው አጥንቱ ከእነዚህ በአንዱ ተይዞ ስለነበር ይመስለኛል። በኋላ ወረደለትና እናንተም ተሻለው አላችሁ። አጥንቱ ግን የቧንቧውን ውስጥ ዙሪያውን ፍቆትና አቁስሎት ከሆነ፣ ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይሠራል፣ ጠባሳ ደግሞ ይኮማተራል። ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ መተላለፊያው እየጠበበ ይሄድና ጠጣር ምግብ ማለፍ ያቅተዋል፤ ፈሳሽ ያልፋል። የፋሲካውና የግንቦቱ ጊዜ፣ ውሃው መውረዱና ሥጋው መመለሱ፣ ሁሉም ወደዚህ ያመለክታሉ።

እዚህ ላይ ሐረርንና ድሬን አንድ ነገር ልውቀስ። ማታ ማታ ጅብ አጥንት እንደ ቆሎ ሲቆረጥም እያየን ስላደግን፣ ውሻም ያው ይችላል ብለን የልኳንዳ ቤቱን አጥንት በፌስታል እያመጣን እንሰጠዋለን። ጅብ መንጋጋውም ጨጓራውም ለዚያ የተፈጠረ ነው። ውሻ አይደለም። ያውም ቁራጩን ሳያደቅ፣ ሌላ ውሻ እንዳይቀማው እየተጣደፈ የሚውጥ ውሻ!

ጠባሳ ነው ብዬ መገመቴ ግን ሌላውን አያስቀርም። ደረት ውስጥ አንድ የአጥንት ስባሪ እስካሁን ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከሆነ አስቸኳይ ነው፣ ቧንቧውን ቀስ በቀስ ሊበሳው ይችላልና። ሁለተኛው ቧንቧው ራሱ ላልቶና ሰፍቶ ምግብ መግፋት ሲያቅተው ነው። ጀርመን ሼፐርድ ለዚህ ከተጋለጡት ዘሮች አንዱ ነው፣ እናቱን የጠቀስሽው ለዚህ ይጠቅመኛል። በልጅነት አብሮ ሲወለድ ቡችላው ጡት ትቶ ጠጣር ምግብ ሲጀምር ይታወቃል፤ በትልቅነት ሲመጣ ደግሞ ከጀርባው ሌላ ሕመም ይፈለጋል። ከእነዚህ ውስጥ በደንብ የሚታወቀው ማያስቴኒያ ግራቪስ ነው፤ ነርቭ ለጡንቻ የሚያስተላልፈው መልእክት የሚቋረጥበት በሽታ። እንዲህ ያለው ውሻ ትንሽ ሲራመድ እግሩ ይዝላል፣ አረፍ ሲል ይመለስለታል፤ አንዳንዱ ግን ከቧንቧው በቀር ሌላ ምልክት አያሳይም። ቦቢ እንዲህ ይደክመዋል ወይ የሚለውን አልጻፍሽልኝም፣ አስተውይው። ሐኪሙ ለሳሉ መርፌ ሲያዝ ይህን ጥርጣሬ ንገሪው፤ ጄንታማይሲን የሚባለው ፀረ ባክቴሪያ እንዲህ ዓይነት ጡንቻ ላይ ድክመቱን ያባብሳል። መዥገር ለማጥፋት በዲያዚኖን የታጠበ ውሻም ለሃጭ፣ መንቀጥቀጥና የቧንቧ መላላት ሊመጣበት ይችላል፤ ታጥቦ ከነበረ መቼ እንደሆነ ለሐኪሙ ይነገረው።

ሦስተኛው ሞቃት አገር ላይ መረሳት የሌለበት ነው። ስፓይሮሰርካ ሉፒ የሚባል ቀይ ትል አለ። እንቁላሉ ከውሻ ዓይነ ምድር ጋር ይወጣል፣ ኩስ የሚበላ ጥንዚዛ ይውጠዋል፣ ውሻው ጥንዚዛውን ሲበላ ወይም ጥንዚዛ የበላ እንሽላሊት፣ አይጥ፣ ዶሮ ሲያገኝ ይገባበታል። እጩ ትሉ ከጨጓራ ተነስቶ በደም ሥር ግድግዳ ውስጥ ወደ ላይ ይጓዝና ከወራት በኋላ የምግብ ቧንቧው የታችኛ ክፍል ላይ እባጭ ይሠራል። እባጩ ቧንቧውን ይዘጋል፤ አንዳንዱ ጊዜ ወደ ካንሰር ይለወጣል፣ ትሉ ትልቁን የደም ሥርም አዳክሞ በድንገት ሊገድል ይችላል። የተሰጠው የትል ኪኒን ለዚህኛው ትል አይበቃም። ሕክምናው ዶራሜክቲን የመሰለ መርፌ ሲሆን መጠኑንና ድግግሞሹን የሚወስነው ሐኪም ነው። ለከብት የመጣውን አይቨርሜክቲን ከጓሮ አምጥታችሁ እንዳትወጉት፤ የእረኛ ውሻ ዘር ያለባቸው አንዳንዶቹ በእሱ ይመረዛሉ፣ ይሞታሉም። ቤት ያለውን የዶሮ ሆድ ዕቃ ጥሬውን መስጠትም ይቅር።

ይህን ሁሉ ከቤት ሆኖ መለየት አይቻልም፤ ራጅ ያስፈልጋል። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፤ ከድሬ ደንገጎን ወጥተሽ ወደ ሐረር ስትሄጂ መንገድሽ ላይ ነው። ከመነሳትሽ በፊት ደውለሽ የራጅ ቀንና ሰዓት ጠይቂ። የጉዞውን ዕለት ቦቢ ለአራት ሰዓት ያህል ምንም ሳይበላ ይሂድ፤ ጠምዛዛውን ዳገት ጥግብ ብሎ እንዳይወጣ። ከዚያ በፊት ግን ሲበላና ሲያቀረሽ በስልክሽ ቅረጪው፤ ከንፈሩ፣ ሆዱና የሚወጣው ነገር ሁሉ እንዲታይ አድርገሽ። ሐኪም ፊት አብዛኛው ውሻ ምልክቱን አያሳይም። እንዲህ ያለ ቪዲዮ ይዞ የመጣ ሰው ምርመራዬን በግማሽ ይቀንስልኛል።

እዚያ ስትደርሺ «ያስመልሰዋል» ካልሽ ሆዱን ብቻ ሊያነሱት ይችላሉ። አንገቱም ደረቱም ይነሳ በይ፣ በጎኑ ተኝቶ። በማደንዘዣ ሳያስተኙት ቢያነሱት ይሻላል፤ ማደንዘዣ ራሱ ጤነኛ ቧንቧን አስፍቶ ያሳያል፣ ከዚያ ያልነበረ በሽታ ይነገርሻል። ተራው ራጅ አጥንት ከቀረ ያሳያል፣ የሳንባ ምች ካለ ያሳያል፣ የሰፋ ቧንቧም ይታያል። ጠባሳ ግን ያለ ባሪየም፣ ማለትም ተውጦ ራጅ ላይ ጎልቶ ከሚታየው ነገር ውጪ፣ አይታይም። ባሪየሙ ደግሞ በፈሳሽ ብቻ ከተሰጠ ያልፍና ጠባሳው ያመልጣል፤ ከምግብ ጋር ተደባልቆ ሲሰጥ ነው ምግቡ የቆመበት ቦታ የሚለየው። ቧንቧው ተበስቷል የሚል ጥርጣሬ ካለ ባሪየም አይሰጥም፤ ይህንን ሐኪሙ ያውቀዋል። ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ የሚገባ ካሜራ ያለው ቱቦ፣ ያለበት ቦታ ከተገኘ ደግሞ በዓይን ያዩታል፤ የቀረ አጥንት ካለም ያለ ቀዶ ጥገና በአፍ በኩል ሊያወጡት ይችላሉ።

እስከዚያ ድረስ የሚያሰጋኝ ሌሊት ሌሊት የጀመረው ሳል ነው። ተኝቶ ሳለ ቧንቧው ውስጥ የቀረው ምግብና ምራቅ ወደ ሳንባ እየሾለከ ሊሆን ይችላል። የምግብ ቧንቧ ሕመም ያለበትን ውሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ረሃብ ሳይሆን የሳንባ ምች ነው። ስለዚህ እናትሽን በአክብሮት አስቁሚልኝ፤ ዘይት የለም፣ ተልባ የለም፣ አፉን በግድ ከፍቶ ማንቆርቆር የለም። ዘይት ሳንባ ውስጥ ከገባ አያስልም፣ አይወጣምም፤ እዚያው ያቆስላል። ማታ ሲተኛ ወይም ጎህ ሲቀድ ትንፋሹን ቁጠሪ። ደረቱ ሲነሳ አንድ፣ ለግማሽ ደቂቃ፣ ከዚያ እጥፍ አድርጊው። በድሬ ሙቀት ቀን የሚለከልክ ውሻ አያስታውቅም፣ እንቅልፍ ላይ ነው ማየት። ተኝቶ በደቂቃ ከ30 እያለፈ ከሄደ፣ ትኩሳት ካለው፣ ወይም የድዱ ቀለም ከተለወጠ የራጅ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ያንኑ ቀን ሐኪም ጋ ይሂድ።

አመጋገቡን ደግሞ ከዛሬ ማታ ጀምሪ። ሥጋውን ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ነጭ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ ቀቅይው፤ ሽንኩርት የውሻን ደም ስለሚጎዳ ከወጥ የተረፈውን ማጠብም አይጠቅምም። ትንሽ ሩዝ ወይም ድንች ጨምረሽ ከመረቁ ጋር በጁስ መፍጫ አድቅቂውና በወንፊት አሳልፊው። ጁስ ቤት የሚሸጡትን ያህል ወፈር ያለ፣ ነገር ግን ምንም ቁራጭ የሌለበት መሆን አለበት። የቀኑን ምግብ አራት ወይም አምስት ቦታ ክፈይው። ሲበላ የፊት እግሮቹ ደረጃ ወይም ወንበር ላይ ይውጡ፣ አፉ ከሆዱ በላይ ይሁን፤ በልቶ ሲጨርስም ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ እንደዚያው አቆይው። መጀመሪያ ይታገልሻል። ወንድምሽ ደረቱን ደግፎ ጆሮውን እየዳሰሰለት ቢቀመጥ ይለምደዋል፤ ያን ያህል ሰዓት የሚዳስሰው ካገኘ ራሱ ወንበሩ ጋ ሄዶ የሚቆም ውሻ አይቻለሁ። የውሃ ሳህኑን ሁለት ብሎኬት ላይ አስቀምጪው፣ ውሃም መሬት ላይ አይጠጣ። ቧንቧው የላላ ከሆነ አንዳንዱ ውሻ ቀጭኑን ይመልስና ትናንሽ ድቡልቡል አድርገው ሲሰጡት ይይዛል፤ ለቦቢ ግን ጠባሳ ስለገመትኩ በቀጭኑ ጀምሪ። ወተት ይቀንስ፣ ብዙ ካጠጣሽው ተቅማጥ ይጨመርበታል። በየሳምንቱ ታቅፈሽው ሚዛን ላይ ውጪና ያንቺን ኪሎ ቀንሺ፤ መወፈር መክሳቱን በዓይን አትገምቺ።

ጠባሳ ሆኖ ከተገኘ የሚሻለው ሕክምና ቧንቧው ውስጥ ፊኛ አስገብቶ በዝግታ መንፋትና መተላለፊያውን ማስፋት ነው። ብዙ ጊዜ አንዴ አይበቃም፣ ይደጋገማል፤ በየከተማው የሚገኝም አይደለም። ባይገኝ በተፈጨ ምግብ ለዓመታት የሚኖር ውሻ አለ። የአሲድ መቀነሻ፣ ለምሳሌ ኦሜፕራዞል፣ እና ቁስሉን የሚለብጥ ሱክራልፌት ሐኪሙ ሊያዝላችሁ ይችላል። ሱክራልፌትን በውሃ አሟሙታችሁ በባዶ ሆድ፣ ከሌላ መድኃኒት በሁለት ሰዓት አራርቃችሁ ስጡት፤ አብሮት የገባውን መድኃኒት እንዳይሠራ ያደርገዋል።

ድመት ያላችሁ አንባቢዎችም ይህቺን ያዙልኝ። ዶክሲሳይክሊን ታዞ ኪኒኑ ደረቁን ተሰጥቷት ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ጠጣር ምግብ መመለስ የጀመረች ድመት በሽታዋ ያው የቧንቧ ጠባሳ ሊሆን ይችላል። ኪኒኑ ቧንቧዋ ውስጥ ይቆማል፣ ያቃጥላል። ኪኒን ካስዋጣችሁ በኋላ በመርፌ የለሽ ስሪንጅ 5 ወይም 6 ሚሊ ሊትር ውሃ ከጉንጯ በኩል ቀስ አድርጋችሁ አጠጧት፣ ወይም ወዲያው አብሉአት። ማሕፀኗ ሊወጣ በማደንዘዣ ተኝታ የነበረችም ከሳምንታት በኋላ እንዲህ ልትሆን ትችላለች፤ ተኝታ ሳለ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ወጥቶ ያቆስላል። ሐኪም ጋ ስትሄዱ ያ ቀዶ ጥገና መቼ እንደነበር ሳትናገሩ አትመለሱ።

አስወግዱት ስላላችሁ ጎረቤት የመጨረሻ መልሴ ይህ ነው። ጠባሳ ከሆነ ብዙው ይሻለዋል። የላላ ቧንቧ ከሆነ ዕድሜው የሚወሰነው በየቀኑ ቀጥ አድርጎ የሚያበላው ሰው ቤት ውስጥ በመኖሩ ነው፤ በማያስቴኒያ የመጣው ደግሞ በወራት ውስጥ ራሱ የሚመለስለት አለ። የስፓይሮሰርካ እባጭ ወደ ካንሰር ተለውጦ ከተገኘ ተስፋው ቀጭን ነው፣ አልዋሽሽም። የሳንባ ምቹ እየተመላለሰ፣ በትክክል እየተመገበ ኪሎው እየወረደ፣ ምራቁን እንኳ መዋጥ ካቃተው ያን ጊዜ ከሐኪሙ ጋር ተቀምጣችሁ ስለ መገላገሉ መነጋገር ተገቢ ነው። ቦቢ ግን ገና አንድ ራጅ እንኳ አልተነሳም።